ከሐዋሳ የገዛኋት «የኩላሊት ጠባቂ» ብልቃጥ

ዋጋዋ 1,800 ብር። መጠኗ 60 ሚሊ። ቀለሟ እንደ ጠቆረ ሻይ። ሽታዋ አብሽ በአብሽ። ጣዕሟን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሐዋሳ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱፍ እሰፋለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ፊቼ ጨምበላላ ሲደርስ ደግሞ እንቅልፍ የለኝም። ዕድሜዬ 54 ነው። ስኳር ከያዘኝ 11 ዓመት ሆነኝ። ይህን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ስለ መድኃኒት አስተያየት የሚጽፍ ሰው ማን እንደሆነ ካልታወቀ አምስት ኮከቡም አንድ ኮከቡም ዋጋ የለውም። «በጣም አሪፍ ነው፣ ድኛለሁ!» ብሎ የሚጽፈው ሰው ስንት ዓመት እንደታመመ አይነግራችሁም። ሌላ ምን እንደሚውጥ አይነግራችሁም። ምርመራው በፊት ስንት፣ በኋላ ስንት እንደነበረ አይነግራችሁም። እኔ እነግራችኋለሁ።

ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። በቀን አንዴ ደግሞ ግሊቤንክላማይድ አለች፣ ስኳር የምታወርደው ያቺ ትንሿ ክኒን። የመደብሩን ስም አልጠራም። ተመሳሳይ ብልቃጥ የሚሸጡ ብዙ ናቸው፣ አንዱን ለይቼ ማሳጣት አልፈልግም።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። ክትትሌ ላይ ሽንት ሰጠሁ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና «ሽንትዎ ውስጥ አልቡሚን ይታያል» አለኝ። አልቡሚን ፕሮቲን ነው፣ ደም ውስጥ መቅረት ያለበት። ከ30 በታች ሲሆን ደህና ይባላል። የኔ 142 ነበር። «ኩላሊትዎ ማፍሰስ ጀምራለች» አለኝ።

እኔ የገባኝ በጨርቅ ነው። ሱሪ ቶሎ የሚያልቀው የት ነው? ጉልበቱ ላይ። ሁልጊዜ እየተወጠረ፣ እየታጠፈ፣ ክሩ ይሳሳል። መጀመሪያ ቀዳዳ የለውም። ወደ ብርሃን ስታዞሩት ግን ያሳልፋል። ኩላሊትም በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ የምታጣራ ወንፊት ናት። ስኳርና ደም ግፊት ለዓመታት ሲወጥሯት ክሯ ይሳሳል፣ ማለፍ የሌለበት ያልፋል። ሕመም የለውም። ይሄ ነው የሚያናድደው። ምንም አላመመኝም ነበር።

ሐኪሙ ኢናላፕሪል ጨመረልኝ። የደም ግፊት መድኃኒት ነው፣ ግን የኩላሊቷን ወንፊት ውጥረት ስለሚቀንስ ለስኳር ሰውም ይሰጣል። በሦስተኛው ሳምንት ሳል ጀመረኝ። ደረቅ ሳል። አክታ የለ፣ ጉንፋን የለ፣ ዝም ብሎ ማሳል። የደንበኛ ደረት ለመለካት ሜትር ይዤ ስጠጋ ሰውዬው ወደ ኋላ ይሸሻል። ይሄ የመድኃኒቱ የታወቀ ጠባይ መሆኑን አላወቅኩም። ጠይቄ ቢሆን ይነግሩኝ ነበር። አልጠየቅኩም። በራሴ ሥልጣን አቆምኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መዝግቡልኝ።

ብልቃጧ የመጣችው ያኔ ነው።

ጎረቤታችን እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ሳሌን በግድግዳ በኩል ሲሰሙ ከረሙ። አንድ ማታ ቡና ላይ «ልጄ፣ ይሄ ኬሚካል ነው ኩላሊትህን የጨረሰው። ቅጠል ማንን ገደለ?» አሉኝ። ባለቤቴ ዝም አለች። ዝምታዋ ግን «ሞክረው» የሚል ነበር። በማግስቱ ባጃጅ ያዝኩ።

መደብሯ ጠባብ ናት፣ ሁለት ሜትር በሦስት ቢሆን ነው። ግድግዳዋ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ከበሩ በላይ የኩላሊት ሥዕል አለ፣ ኩላሊቷ ፈገግ ብላለች። ሻጩ ወጣት ነው፣ ነጭ ጋወን ለብሷል። ሥራዬ ነውና መጀመሪያ ያየሁት ጋወኑን ነው። የግራ ትከሻው ወርዷል፣ እጅጌው ሲገጠም ተዛብቷል። ልጁ ግን ጨዋ ነው። ወንበር ሰጠኝ፣ ውኃ አቀረበልኝ፣ አዳመጠኝ። ይሄን በቅንነት እመሰክራለሁ። ሰልፍ የለም፣ ካርድ ማውጣት የለም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ በሽታዬ ብቻ አወራን። ክትትል ላይ ሃያ ደቂቃ አግኝቼ አላውቅም። ሰው ወደዚህ ዓይነት መደብር የሚሄደው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። የሚሰማው ስላጣ ነው።

«ፋዘር፣ ይሄ ተራ ቅጠል አይደለም። ኤክስትራክት ነው» አለኝ።

ኤክስትራክት ማለት ምን ማለት እንደሆነ በኋላ ተማርኩ። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ውኃ ወይም አልኮል ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ይጣራል። ከዚያ ውኃው ወይም አልኮሉ እንዲተን ይደረግና የሚቀረው ወፍራም ዝቃጭ ወይም ዱቄት ነው። ማለትም ብዙ ቅጠል ወደ ትንሽ ነገር ይጠጋጋል። የሽፈራው (የሞሪንጋ) ቅጠል ሻይ ከመጠጣት የሚለየው ይሄ ነው። የሚጠቅም ነገር ካለው እሱም ይጠጋጋል። የሚጎዳ ነገር ካለው እሱም አብሮ ይጠጋጋል።

ብልቃጧ ቡናማ መስታወት ናት፣ የጎማ ጠብታ መምጠጫ አላት። መምጠጫዋ ጥሩ ነው፣ አያፈስም። ወረቀቷ ፎቶ ኮፒ ቤት የታተመ ነው። አውራ ጣቴን ሳሳርፍበት ቀለሙ ተነሣ። የሚያበቃበት ቀን በእስክሪብቶ ተጽፏል። የምርት ቁጥር የለም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመዘገበው ስለመሆኑ አንድም ምልክት የለም። «ኩላሊትን፣ ጉበትን፣ ዐይንንና ልብን ከስኳር ጉዳት ይጠብቃል» ይላል። ከሥር፦ «ሽፈራው፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ እና ሌሎች»።

እና ሌሎች።

እስቲ ደንበኛ መጥቶ «ይሄ ሱፍ ከምን የተሠራ ነው?» ቢለኝና «ከበግ ፀጉር እና ከሌሎች» ብለው ይገዛኛል? እኔ ግን ገዛሁ። 1,800 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። በቀን ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ጠብታ ውሰድ ተባልኩ። ከመውጣቴ በፊት ልጁ በላስቲክ የተለበጠ አንድ የእንግሊዝኛ ወረቀት አሳየኝ። «በሳይንስ የተረጋገጠ ነው» አለኝ። በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። በጃችሁ ያለ ስልክ አንዳንዴ ከሐኪም ይጠቅማል።

ጣዕሟ? የተቀቀለ አብሽ ላይ የጀበና አተላ ጨምሩበትና ለሦስት ቀን እርሱት። እንደዚያ ነው። ከወሰድኩ በኋላ ላቤ አብሽ አብሽ ይሸት ጀመር። ባለቤቴ መስኮት መክፈት አበዛች።

ታኅሣሥ 1 ጀመርኩ። ሳሉ ጠፋ፣ ኢናላፕሪሉን ስላቆምኩ መሆኑ ነው። እኔ ግን «ጠብታዋ ሠራች» አልኩ። እንደዚህ ነው ሰው የሚታለለው። አንዱን አቁሞ ሌላውን በጀመረበት ሳምንት የመጣውን ለውጥ ሁሉ ለአዲሱ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ታኅሣሥ 17 ልውሰዳችሁ።

የነቢያት ጾም ነው። እስከ 6 ሰዓት እጾማለሁ፣ ክኒኔንም ወደዚያ ሰዓት እገፋለሁ። ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማደርገው። በዚያን ቀንም 6 ሰዓት ላይ ክኒኔን ዋጥኩ፣ ጠብታዬን ጨመርኩ፣ ሽሮ በግማሽ እንጀራ በላሁ። ሥራ ነበረብኝ። የጥር ሙሽራ ሱፍ፣ ግራጫ፣ ጨርቁን ሙሽራው ራሱ ከአዲስ አበባ ያመጣው። ኮሌታውን በእጅ እየሰፋሁ ነበር።

10 ሰዓት አካባቢ ክር መርፌ ውስጥ አልገባ አለኝ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። መርፌዋ ሁለት ሆና ታየችኝ። መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ። ከዚያ ጠብ የሚል ነገር አየሁ። ግራጫው ሱፍ ላይ ጥቁር ነጥብ። ሌላ ጠብ። ጣሪያው ያፈሰ መሰለኝና ቀና አልኩ። በበጋ! የኔው ላብ ነው። ከግንባሬ እንደ ቧንቧ ይወርዳል። እጄ ይንቀጠቀጣል። የሚገርመው ያሳሰበኝ ሱፉ ነበር፣ የሰው ሱፍ።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ብልህ ነው። አባቱም ስኳር አለበት። «ጋሼ፣ ወርዶብዎታል!» ብሎ ሮጠ። ሚሪንዳ ይዞ መጣ። ግማሽ ብርጭቆ ጠጣሁ። መለኪያዬን አወጣልኝ፦ 51። ከ70 በታች ወርዷል ይባላል፣ 51 ደግሞ ጨዋታ አይደለም። ሩብ ሰዓት ጠብቀን እንደገና ለካን፣ 78። ከዚያ ዳቦ በላሁ። ዳቦው የግድ ነው፣ ምክንያቱም ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ለረጅም ሰዓት ስለምትቆይ ስኳሩን መልሳ ልታወርደው ትችላለች። በተለይ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው።

በማግስቱ የእህቴ ልጅ ለገብርኤል መጣች። ፋርማሲ ተምራ ሌላ ከተማ ትሠራለች። የሐዋሳ ገብርኤል ሲነግሥ ሳትመጣ ቀርታ አታውቅም። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ ብልቃጧን አሸተተች፣ ከዚያ ስልኬን ተቀብላ ያንን ወረቀት አጉልታ አነበበች። ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ስለ አይጥ ነው።»

ጥናቶቹ የውሸት አይደሉም አለችኝ፣ ይሄን አስምሩበት። የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። ጤነኛ አይጥ ይወስዳሉ። ስትሬፕቶዞቶሲን ወይም አሎክሳን የሚባል ነገር ይወጓታል። ያ ነገር ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሴሎች ይገድላል፣ አይጧ በጥቂት ቀናት ስኳር ይይዛታል። ከዚያ የቅጠሉን ጭማቂ፣ ያንኑ ኤክስትራክት የሚሉትን፣ ለሳምንታት ይግቷታል። በመጨረሻ ደሟን፣ ኩላሊቷን፣ ጉበቷን በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ሽፈራው፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ ሁሉም በዚህ መንገድ ተፈትነው በአይጥ ላይ ጥሩ ውጤት ያሳዩበት አለ። ስኳር ቀነሰ፣ የኩላሊት ጉዳት ለዘብ አለ፣ ዝገት መሰሉ የሴል ጉዳት ቀነሰ የሚሉ። አብሽ በሰውም ላይ ተሞክሮ ስኳርን በመጠኑ ዝቅ ያደረገበት አለ፣ የሚያሟልጭ አሰሩ የምግቡን ስኳር ቶሎ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ስኳር መቀነስ ግን ሌላ፣ የሰውን ኩላሊት ለዓመታት ጠብቆ ማቆየት ሌላ።

«በአንድ ሳምንት በመርፌ የታመመች አይጥና 11 ዓመት ስኳር ይዞት የኖረ ሰው አንድ አይደሉም» አለችኝ።

ከዚያ ወደ ሒሳብ ገባን። የምወደው ቦታ ነው፣ ትንሽ ልቆይበት።

በእንዲህ ያሉ ጥናቶች ለአይጥ በኪሎ 200፣ 400፣ 500 ሚሊግራም ጭማቂ መስጠት የተለመደ ነው። እኔ 70 ኪሎ ነኝ። ወዲያው 500 በ70 አባዛሁ፣ 35 ግራም መጣልኝ። «ኧረ ጋሼ፣ እንደዚያ አይባዛም!» አለች። አይጥ ትንሽ ስለሆነች ሰውነቷ ነገሮችን በፍጥነት ያቃጥላል። ወደ ሰው ሲለወጥ ለ6.2 ይካፈላል። የልጅ ልብስ ፓተርን ዝም ብለህ በማስፋት የአዋቂ እንደማታደርገው ማለት ነው። ትከሻና አንገት በአንድ ልክ አያድጉም። ይሄ ገባኝ። 500 ለ6.2 ሲካፈል 81 ገደማ። 81 በ70፣ ከ5 ግራም ተኩል ትንሽ ከፍ ይላል። በቀን።

አሁን ብልቃጧን እንለካ። ሃያ ጠብታ 1 ሚሊ ገደማ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ 3 ሚሊ። 3 ሚሊ ፈሳሽ 3 ግራም ገደማ ይመዝናል። እንግዲህ ብልቃጧ ውስጥ አንድ ጠብታ ውኃ ባይኖር እንኳ፣ ሙሉ በሙሉ ጭማቂ ብትሆን እንኳ፣ 5 ግራም ተኩሉን አትሞላም። በ200ው ሒሳብ እንኳ 2 ግራም ከሩብ ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ ማር የሚመስል ወፍራም ነገር መሆን ነበረበት። የኔዋ እንደ ቀጭን ሻይ ትፈስሳለች። ሦስት ሜትር ለሚወስድ ሱፍ አንድ ሜትር ጨርቅ ይዞ የመጣ ደንበኛ አስታወሰችኝ።

«ታዲያ ጨርቁ ካልበቃ ላቡ ከየት መጣ?» አልኳት።

የእህቴ ልጅ ወዲያው አልመለሰችም። ሦስት ነገር አለ አለች። አንድ፣ ጾሙና ያቺ ግማሽ እንጀራ፣ በክኒኗ ላይ። ሁለት፣ አብሽም ሽፈራውም ስኳር የመቀነስ ጠባይ ስላላቸው ከክኒኗ ጋር ተደርበው። ሦስተኛውን ስትናገር ድምፅዋን ቀነሰች፦ «እና ሌሎች»። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲንጋፖር ውስጥ ስኳር የሌለባቸው ሰዎች ስኳራቸው እየወረደ ሆስፒታል ይገቡ ጀመር። 150 ሰው። 4 ሞቱ። ሲመረመር ለወንድ ጉልበት እየተባለ በሚሸጥ ሕገወጥ ክኒንና የዕፅዋት ነው በተባለ መድኃኒት ውስጥ ግሊቤንክላማይድ ተገኘ። የኔዋ ትንሿ ክኒን።

የኔ ብልቃጥ ውስጥ ነበረ አልልም። አላስመረመርኩም፣ ማስረጃ የለኝም። የትኛው እንደጣለኝ አላውቅም። ግን ወረቀቷ ላይ ስላልተጻፈ ማወቅም አልቻልኩም። ቅሬታዬ ይሄው ነው።

ጎረቤቴ «ቅጠል ማንን ገደለ?» ላሉትም የእህቴ ልጅ መልስ ይዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅዋት የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሸ። ከ100 በላይ። ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ተክሎች ተቀያይረው ነው፣ አንደኛው ኩላሊት የሚያበላሽ አሲድ ነበረው። አሪስቶሎኪክ ይባላል። ይሄን ለእሳቸው ለመንገር ግን ልቤ እምቢ አለኝ። ሴትየዋ የሚያደርጉትን ያደረጉት ስለሚወዱኝ ነው።

ከበዓሉ በኋላ ወደ መደብሩ ተመለስኩ። ሙሉ ለሙሉ ለመክሰስ አልነበረም፣ ለመጠየቅ ነው። አንድ ጠብታ ውስጥ ስንት ሚሊግራም አለ? ሌሎቹ እነማን ናቸው? ስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ይወስዳታል ወይ?

«ፋዘር፣ ፎርሙላው ምስጢር ነው» አለኝ።

ገንዘብ አልተመለሰልኝም። ይልቁንስ ሁለተኛ ብልቃጥ በ1,500 አቀረበልኝ፣ «ለደንበኛ ነው»። ስኳሬ መውረዱን ስነግረው ደስ አለው። «አየህ፣ እየሠራ ነው!» ልጁ ክፉ አይመስለኝም። ራሱ አይቀምማትም፣ ከሌላ ቦታ እየመጣለት ይሸጣል። ምን እንደሚሸጥ የሚያውቅ አይመስለኝም። ይሄ ከክፋት ያስፈራል።

ክትትሌ ላይ ብልቃጧን ይዤ ሄድኩ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቷን አነበበና «ሳሉን ለምን አልነገሩኝም?» ብቻ አለኝ። ኢናላፕሪልን በሎሳርታን ቀየረልኝ። ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፣ ሳል ግን እንደ ኢናላፕሪል አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ጥናት 1,513 የስኳርና የኩላሊት ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ የኩላሊት መድከምን እንደሚያዘገይ አሳይቷል። ሰዎች ላይ። ግሊቤንክላማይዷን ቀነሰልኝ። ጾሙንም ከካህን ጋር ተነጋገርኩበት፣ ሐኪምህን ስማ አሉኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደሜ ተመረመረ፣ ፖታሺየም ለማየት ነው። ሎሳርታን ፖታሺየም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የደረቀ የሽፈራው ቅጠል ደግሞ ፖታሺየም ይበዛበታል። ስለዚህ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው «ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል» አይሠራም።

ቁጥር እሰጣችኋለሁ ብያለሁ። ሚያዝያ ላይ አልቡሚኔ ከ142 ወደ 64 ወርዷል። የሦስት ወር አማካይ ስኳሬ ከ8.4 ወደ 7.4። ጠብታዋን የወሰድኩት 17 ቀን ብቻ ስለሆነ ለእሷ ክሬዲት አልሰጥም። ለሎሳርታኑ፣ ክኒን ላለመዝለሌ፣ ማታ ማታ እስከ ሐይቁ ዳር በእግሬ ለመሄዴ እሰጣለሁ። አልቡሚን ከቀን ቀን ይዋዥቃል፣ 64ቱንም በአንድ ጊዜ አላመንኩትም፣ ሌላ ቀን ደግሜ ሰጥቻለሁ።

ተክል ጠል እንዳልባል አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት ማታ የምውጠው ሜትፎርሚን ራሱ ዘሩ ከተክል ነው። ጋሌጋ የሚባል የአውሮፓ ተክል አለ። ውስጡ ስኳር የሚቀንስ ነገር ተገኘ፣ ግን መርዝነት ነበረው። ኬሚስቶች የሚመስለውን የማይመርዝ ሠሩ፣ ዣን ስተርን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1957 በሰው ላይ ያገኘውን ውጤት አወጣ። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1835 ከፖም ዛፍ ልጥ ፍሎሪዚን የሚባል ነገር ወጣ። ስኳርን በሽንት ያስወጣል። ሲዋጥ ግን አንጀት ውስጥ ይፈርሳል፣ አይጠቅምም። ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ እሱን መሠረት አድርገው ዳፓግሊፍሎዚንና ወንድሞቹ የሚባሉ የስኳር ክኒኖች ተሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የዳፓግሊፍሎዚን ጥናት ከ4,300 በላይ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ላይ ነበር፣ ስኳር ያለባቸውም የሌለባቸውም። ኩላሊት ይጠብቃል። ሐኪሙ ለኔም አስቦልኝ ነበር፣ ዋጋውን ጠይቄ ለጊዜው ይቆይ አልኩት።

ይሄን የእህቴ ልጅ ስትነግረኝ ከልጡ እስከ ክኒኑ ያለው መንገድ ገረመኝ። ከአይጥ አልፎ፣ መርዙ ተለይቶ፣ ሚሊግራሙ ታውቆ፣ ሺዎች ላይ ተለክቶ። የኔ ብልቃጥ ከቅጠሉ ተነሥታ በአንዴ ኪሴ ውስጥ ነው የገባችው።

ሽፈራውን አልተውኩም። አርባ ምንጭ የሚመላለስ ሾፌር ወዳጅ አለኝ፣ ከዚያ ሃሌኮ እያሉ የሚጠሩትን ትኩሱን ቅጠል በፌስታል ያመጣልኛል። ባለቤቴ እንደ ጎመን ትሠራዋለች፣ አንዳንዴም ቁርቁፋ፣ ከእህል ዱቄትና ከሽፈራው ቅጠል የሚሠራውን ምግብ፣ ትሞክራለች። የደቡብ ሰው ከጥንት ጀምሮ እንደ ምግብ ነው የበላው እንጂ በጠብታ አልለካውም። ሐኪሙ በልኩ ብላ ብሎኛል፣ የፖታሺየም ምርመራዬ ደህና ስለሆነ። አብሽም ቤታችን አለ። ከጠዋት ክኒኔ ጋር ግን አላደራርብም።

ኮከቡ እንግዲህ። ለመስተንግዶ 4 እሰጣለሁ። የቀነስኩበት አንዷ ለጋወኑ ትከሻ ናት። ለወረቀቷ 0። ለዋጋዋ፣ በ3 ሚሊ ሒሳብ 20 ቀን ትሄዳለች፣ ማለትም በቀን 90 ብር፣ 1 ኮከብ። በዚያ ብር የመለኪያ ስትሪፕ ብገዛ ይሻለኝ ነበር። ለኩላሊት ስለመጥቀሟ ኮከብ መስጠት አልችልም፣ ምን እንደጠጣሁ አላውቅማ።

የሙሽራው ሱፍ ደርሷል። ላቡ በቀዝቃዛ ውኃና በትዕግሥት ለቀቀ፣ ሙሽራው እስከ ዛሬ አያውቅም። ብልቃጧን ደግሞ በፈላ ውኃ አጥቤ የስፌት መኪናዬን ዘይት ሞልቼባታለሁ። መምጠጫዋ ጥሩ ነው ብያችሁ የለ? ጠዋት ጠዋት ሁለት ጠብታ ለሲንገሯ። ሁለት ብቻ፣ ቆጥሬ።